ለክቡር አብላጫ ባለአክሲዮን

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከአነስተኛ ባለአክሲዮኖች አንዱ ነኝ። ላያውቁኝ ይችላሉ። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከኋላ ረድፍ ሆነው እጃቸውን ካወጡት መሃል ነበርኩ፤ ቆጠራው ግን እጄ ሳይወጣ አልቆ ነበር።

ቅልጥፍናዎ በእውነት ያስቀናል። የሒሳብ ሪፖርቱ በር ላይ ይታደላል። ገና መነጽሬን ስፈልግ «ተቃውሞ አለ? የለም። ጸድቋል!» ይባላል። ስለ ትርፍ ክፍፍል የጠየቀ ሰው «ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ እንመጣበታለን» ይባላል። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ሰዓቱ አልቋል።

ትርፉ ዘንድሮም ለማስፋፊያ ተይዟል፤ እሰይ! እስካሁን ሲሰፋ ያየሁት ግን የእርስዎን ደመወዝና የቦርድ አበሉን ነው። ነገሩ ይገባኛል። የትርፍ ድርሻ ከተከፈለ ለእኔም ይደርሰኛል፤ ደመወዝ ግን ለእርስዎ ብቻ ነው። መጋዘኑንም ከባለቤትዎ ተከራይተናል። የቦርድ ሰብሳቢው እርስዎ፣ አከራይዋ ባለቤትዎ። ድርድሩ እራት ላይ ሳያልቅ አይቀርም። ከፋዮቹ ግን አልተጋበዝንም።

ሕጉ ይህን አለመረዳቱ ያሳዝናል። ኩባንያ የሚመራ ሰው ከራሱ ጥቅም የኩባንያውን ያስቀድም ይላል። በአሜሪካዋ ደላዌር ግዛት ውስጥማ ይባስ ብሎ፣ በውሉ በሁለቱም ወገን የተቀመጠ ሰው ዋጋው ብቻ ሳይሆን አካሄዱም ፍትሐዊ እንደነበር ራሱ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። እራቱንም ጨምሮ ማለት ነው።

ለነገሩ ወዳጅም አላጡም። እ.ኤ.አ. በ1843 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት «የተበደለው ኩባንያው ከሆነ መክሰስ ያለበት ኩባንያው ነው» አለ። ኩባንያው ማንን ይክሰስ የሚለውን የሚወስነውስ? እርስዎ! እርስዎን ለመክሰስ የእርስዎን ፈቃድ መጠየቅ እኮ ነው። ምን ያደርጋል፣ ዳኞቹ ኋላ ላይ ልብ ገዙና ትንሹም ባለአክሲዮን አንዳንዴ በኩባንያው ስም የሚከስበትን ቀዳዳ ከፈቱ።

ሄንሪ ፎርድንም ያስታውሱ። በመኪና ኩባንያው 58 በመቶ ድርሻ ይዞ፣ ካዝናው ሞልቶ ሳለ ልዩ የትርፍ ክፍፍሉን አቆመ። ትርፉ ለማስፋፊያ ይፈለጋል አለ። 10 በመቶ የነበራቸው የዶጅ ወንድማማቾች ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማስፋፊያውን አልነካበትም፤ ግን ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲያከፋፍል የተላለፈበትን ትእዛዝ አጸናበት። ልዩነታችሁ ትንሽ ነው፤ ፎርድ ፋብሪካውን ሠርቶታል።

አክሲዮኔን ለመግዛት የላኩልኝ ደብዳቤም ደርሶኛል። ዋጋውን ሳየው አንድ ዜሮ የተረሳ መስሎኝ ነበር። ወንድምዎ ሲወጡ ኩባንያው በስንት እንደገዛቸው ሰምቻለሁና። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ የአንድ ትንሽ ኩባንያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ኩባንያው የአውራውን ሰውዬ አክሲዮን እያንዳንዱን በ800 ዶላር ገዛ። ባሏ የሞተባት አንዲት ባለአክሲዮን «የእኔንም በዚያው ዋጋ ግዙኝ» ብትል ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ፍርድ ቤቱ ግን እንዲህ ባለ ኩባንያ ለአንዱ የተከፈተ በር ለሌላውም እኩል ይከፈት አለ።

ስለዚህ ለጊዜው አልሸጥም። የወንድምዎን ዋጋ ካሰቡበት እንነጋገራለን። እስከዚያው የኪራይ ውሉን ቅጂና የሚቀጥለውን ሪፖርት ከጉባኤው ቀደም ብለው ቢልኩልኝ ምስጋናዬ ይጨምራል። በዝግታ ነው የማነበው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አነስተኛ ባለአክሲዮን

ግልባጭ፦
ለቦርዱ ጸሐፊ (ልጅዎ ስለሆኑ ለቤትም ለቢሮም አንድ ቅጂ ይበቃል)
ለጠበቃዬ