«ለአስፋልትም ለጭቃም ይሆናል» አትበሉኝ!

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ጎማ ሻጮች! አንድ ቀን እንኳን «የምትሠራው የት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። የባጃጅ ጎማ ልገዛ ስገባ የሚጠይቁኝ መጠኑን ነው። መጠኑማ ምን ያከራክራል? 4.00-8 ነው፤ የፊቱም የኋላዎቹም አንድ ናቸው። ቀጥሎ ዋጋ ይጠራል። ከዋጋው ቀጥሎ ያቺ የማትቀረዋ ትመጣለች፦ «ይሄ ለአስፋልትም ለጭቃም ይሆናል፣ ዝም ብለህ ውሰድ።»

ዝም ብዬ መውሰድ አልፈልግም!

የጅማ ከተማን መንገድ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ከመርካቶ ወደ አጂፕ ስትሄድ አስፋልት ነው። ኮሪደር ልማቱ የደረሰበት ቦታማ ያምራል፣ እሱን አልክድም። ተሳፋሪው ግን አስፋልት ላይ አያድርም። «ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባኝ» ይላል። ትታጠፋለህ፣ ኮብልስቶን። ኮብልስቶኑ ያልቅና ገረጋንቲ። ገረጋንቲው ያልቅና ያ ቀይ አፈር። ዝናቡ ደሞ እኛ ጋ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ሰው አያስፈቅድም። ይሄ ሁሉ በአንድ ምልልስ፣ በአንድ ሂሳብ ነው። ሐሙስ ሲሆን ይብሳል፤ ሂርማታ ገበያ ውሎ የሚመለስ ሰው ከነማዳበሪያው ነው የሚሳፈረው። ባጃጅ በወረቀት የሚጭነው 3 ተሳፋሪ ነው። በወረቀት።

እና ለዚህ መንገድ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ጎማ አለ? የለም! ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለው ጭቃ ላይ አንደኛ ነው። በጥርሶቹ መሃል ያለው ሰፊ ክፍተት ጭቃውን እየተፋ ይወጣል። አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ጥቂት ነው። ጭነቱ ሁሉ እነዚያ ጥርሶች ላይ ያርፋል። በየዙሩ ይታጠፋሉ፣ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ ከዚያ ያልቃሉ። ጩኸቱን ተዉት፤ ተሳፋሪው ስልክ ማውራት ያቅተዋል። ዙሪያውን መስመር ብቻ ያለው ደሞ አስፋልት ላይ ይቆያል፣ መሪም ይታዘዛል። ቀይ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን መስመሮቹ በጭቃ ይደፈኑና መስመሩ ካለቀ ጎማ አይለይም። አንተ ወደ ቀኝ ታዞራለህ፣ ባጃጁ ቀጥ ብሎ ወደ ቦይ ይሄዳል። ላስቲኩም እንደዚያው ነው። ደረቁ ቶሎ አያልቅም፤ ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ ግን ያንሸራትታል። ለስላሳው ቆንጥጦ ይይዛል፤ ግን ቶሎ ይበላል። አንዱን ካገኘህ ሌላውን ታጣለህ። ይሄን ለደንበኛ መንገር ምን ያስቸግራል?

እኔ በበኩሌ የያዝኩት አቋም አለ። ለፊት የመስመር፣ ለኋላ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ። ባጃጅን የሚገፉት የኋላዎቹ ናቸው፤ ተሳፋሪውም ማዳበሪያውም እነሱ ላይ ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ ከሆነ ጭቃ ላይ ያለቀው ብቻውን ይሽከረከራል፣ አንተ እዚያው ቆመህ ትቀራለህ። ሥራው አብዛኛው ወደ ውስጥ የሆነ ሰው ክረምቱን የፊቱንም ባለጥርስ ቢያደርግ ያዋጣዋል። ይሄን ስናገር ባለሱቁ ምን አለኝ? «ሦስቱም አንድ ዓይነት ካልሆነ አያምርም።» አያምርም? ሰርግ ልሄድበት ነው እንዴ?

ደሞ አለላችሁ የፕላይ፣ የጎማው ጥንካሬ ደረጃ፣ ነገር። ጎኑ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ 4 ወይም 6። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ጭነት የመሸከም አቅሙ ይጨምራል፣ ጎኑም ይጠነክራል። አዎ፣ ትንሽ ያንገጫግጫል። ግን ኮሮኮንች ላይ ተጭኖ ለሚውል ባጃጅ 4 ፕላይ መሸጥ ግፍ ነው። ጎማው ሳስቶ ወይም ንፋሱ ጎድሎ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ቸርኬው ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ድንጋዩ ላይ ያጣብቀዋል። ጎሚስታው አውጥቶ ውሃ ውስጥ ሲነክረው አረፋው ከሁለት ቦታ፣ ጎን ለጎን ይወጣል። ይሄ ምስክር ነው። ሚስማር የሚበሳው አንድ ጋ ነው። «ሚስማር ነው የወጋህ» ብሎ ለጥፎ ይሸኝሃል፤ ነገ እዚያው ትመለሳለህ።

ንፋሱንማ አታንሱብኝ። መለኪያው የተሰበረ ኮምፕሬሰር ይዞ ይነፋል፣ በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ «በቃ፣ ደህና ነው።» እግር መለኪያ ሆነ! ሲጎድል የጎማው ዳርና ዳር ይበላል፣ ሲበዛ መሃሉ። የአዲስ ጎማን ዕድሜ የሚበላው ይሄ ነው፤ ጥፋቱ ግን የመንገዱ ይሆናል። ጭቃ ላይ ንፋስ ቀነስ ማድረግ እንደሚረዳ የሚያውቁ ልጆች አሉ፣ ልክ ናቸው። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ መልሰው ካላስነፉ ግን ጎማው እየጋለ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ።

ጎማው ጎን ላይ ትንሽዬ ሞላላ ክብ አለች። ውስጧ አራት አሃዝ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። አንዱ ባለሱቅ 3118 የሚል ጎማ አመጣልኝ። አቧራውን በመዳፉ ጠረግ አደረገና «ይኸው፣ 18 ይላል፣ የዘንድሮ ነው» አለኝ። የዘንድሮ! ወንድሜ፣ ያ 18 የእኛ 2018 አይደለም። የፈረንጆቹ 2018 ነው፣ 31ኛው ሳምንት። በእኛ ሐምሌ 2010 ማለት ነው። ጎኑን በጣቴ ጠምዘዝ ሳደርገው ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ብቅ አሉ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል። ስንጥቆቹን ሳሳየው «እሱ ዲዛይኑ ነው» አለኝ። ወይ ጉድ!

ዋጋው ለምን ይሄን ያህል ሆነ ስለው ደሞ «ዶላር ጨምሯል እኮ» ይላል። አቦ! ዶላር መጨመሩን ማን ያጣዋል? ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ገባኝ። ይሄ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ዶላር 27 ብር አካባቢ ነበር! ዕድሜው የ2010፣ ዋጋው የዘንድሮ።

እና ጅማ ውስጥ 4.00-8፣ 6 ፕላይ፣ የኋላ፣ መካከለኛ ጥርስ፣ መጨረሻው 24 ወይም 25 የሚል ጎማ ያለው ሱቅ የምታውቁ ጠቁሙኝ። የክቧን ፎቶ ቀረብ አድርጋችሁ ላኩልኝ። ዋጋውንም እዚሁ ጻፉት፤ «በውስጥ አናግሩን» የምትሉ ነጋዴዎች እባካችሁ እለፉ፣ ዛሬ ለእናንተ የሚሆን ትዕግስት የለኝም።