ይድረስ ለክቡር የደመወዝ ቦርድ፣ ባሉበት

ሐዋሳ፣ መስከረም 2018
ጉዳዩ፦ መኖርዎን ስለማረጋገጥ

ክቡርነትዎ፣ እንኳን አደረስዎ። ጤናዎን እንዳልጠይቅ ገና አልተወለዱም። እንዳልተውዎ ደግሞ ስምዎ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሰፍሯል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 ላይ ቁጭ ብለዋል። መንግሥት፣ አሠሪ፣ የሠራተኛ ማኅበርና ሌሎችም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፣ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያዩ፣ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በየጊዜው ያጠናሉ ተብሎልዎት ነበር። ሥልጣንዎን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወስናል አለ አዋጁ። መቼ? እሱን ዝም አለ። እኛም ዝም ብለን ስድስት ዓመት ጠበቅን።

የግቢያችን ቦርድ እንደ እርስዎ አይደለም። አባሉ አንድ ሰው ናቸው፣ አከራያችን እትዬ። ደንብ አልወጣላቸውም፣ ተወካይ አይፈልጉም፣ ጥናቱን የሚያካሂዱት ከቶና እስከ በረካ ባለው ጊዜ ነው። «ልጆቼ፣ ኑሮው እንደምታዩት ነው» አሉ ማለት የኪራይ ጭማሪው ረቂቅ ቀርቦ፣ ጸድቆ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ በሥራ ላይ ይውላል ማለት ነው። አንዲት ክፍል ለአራት ተካፍለው የሚኖሩት የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ታዲያ ምን ይበሉ? ጎህ ሳይቀድ ሰርቪስ ለመያዝ ይሮጣሉ እንጂ ለይግባኝ ጊዜ የላቸውም።

አጥኚ ጠፍቶ እንዳይመስልዎ። ኒውዮርክ ካለ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጥተው ስለዚሁ ስለ ሐዋሳው ፓርክ ጽፈዋል፣ ያውም አዋጁ በወጣበት በ2011። የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው፣ ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አሉ። ባሕር ተሻግረው የመጡት ጨርሰው ሄዱ፣ እርስዎ ግን የአገርዎን መንገድ አጡት።

አዋጁ ሒሳብ አያውቅም ብዬ ደግሞ አላማም። የአዘቦት ቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል ይላል። ማባዣው እስከ ነጥቡ ተሟልቷል። የሚባዛውን ቁጥር ግን ቀጣሪው ደስ እንዳለው ይጽፋል። የመንግሥት ሠራተኛ እንኳን ወለል አለው፣ በመስከረም 2018 ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል (ይጨምርላቸው፣ እነሱም ገበያ ይወጣሉ)። የግሉ ሠራተኛ ግን ወለል የሚያየው ፋብሪካው ውስጥ ሲጠርግ ነው።

ወለል ከተባለ ኢንቨስተሩ ይሸሻል የሚሉ አሉ። እሺ፣ ይሁን፣ እንከራከር! ግን የት? ክርክሩ የሚካሄደው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ አልነበር እንዴ? ጠረጴዛውም ወንበሩም ሳይመጣ አንደኛው ወገን እንዴት አሸንፎ ወጣ?

«ሥልጣኔ ማማከር ብቻ ሊሆን ይችላል» ብለው የሚያፍሩ ከሆነ አይፈሩ። የእንግሊዙ ዝቅተኛ ክፍያ ኮሚሽንም አማካሪ ነው፣ ወሳኙ መንግሥት ነው። ግን በ1998 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጡት ሕግ አንድ ብልሃት አለው፦ መንግሥት በሕጉ መሠረት ከኮሚሽኑ የጠየቀውን ምክር አልቀበልም ካለ፣ ምክንያቱን ጽፎ ለፓርላማ ያቀርባል። በቃ። ምክር ሰምቶ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ የለም። በዓመቱ፣ በ1999፣ የመጀመሪያው ወለል በሥራ ላይ ዋለ።

ስለዚህ ደንብዎ ሲረቀቅ ሁለት ነገር ያስጽፉልን። መቼ ጥናትዎን እንደሚያቀርቡ ቀን ይቆረጥ። የሚያቀርቡትን የማይቀበል አካል ደግሞ ለምን እንደሆነ በይፋ ይናገር። ሌላውን፣ የስብሰባ አበሉን ጨምሮ፣ እንደፈለጉ ያድርጉት፤ አበሉ ላይ መቼም ወለል እንደማይጠፋ እናውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተከራይ

ግልባጭ፦
ለሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ እንዲያውቁት
ለፓርኩ ልጆች፣ ከትርፍ ሰዓት ሲመለሱ እንዲያነቡት
ለእትዬ አይሰጥ፣ 6,000 የሚለውን ብቻ አይተው ኪራይ ይጨምራሉ