ሳያማት የምታነክስ ልጅ

ልጅቷ ዓመት አልፏት ቆማ መሄድ ጀምራለች፤ ግን ስትራመድ ወደ አንድ ጎን ዘመም ትላለች። አታለቅስም፣ እንደ እኩዮቿ ትሮጣለች። ቤተሰቡ ሲጨነቅ ጎረቤት፣ አንዳንዴም ጤና ጣቢያው ራሱ «እግሯ ሲጠነክር ይስተካከላል» ይላል። ይህ ምክር ዓመታት ይበላል። በጨቅላነት የመጣ የዳሌ ውልቃት በልጅነት አያምም። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በጉርምስና ወይም በወጣትነት፣ ቀላሉ ሕክምና ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በ9 እና በ15 ወር ልጆች ለኩፍኝ ክትባት ሲመጡ ዳሌያቸው ይታይ። ዕቃ አይጠይቅም። ልጁ በጀርባው ይተኛ፣ ጉልበቱ ታጥፎ ሁለቱ ጭኖች ወደ ጎን ይከፈቱ። አንዱ ከሌላው ቀድሞ የሚገታ ከሆነ ያ ትልቅ ምልክት ነው። ከዚያ ጉልበቶቹ እንደታጠፉ እግሮቹ ጎን ለጎን አልጋው ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ ጉልበት ዝቅ ካለ የዚያ ወገን ዳሌ ያጠራጥራል። ሁለቱም ዳሌዎች ከወለቁ ግን ጉልበቶቹ እኩል ስለሚሆኑ ይህ ምርመራ ያታልላል። ያኔ ሁለቱም ጭኖች በደንብ አለመከፈታቸውን፣ መራመድ ከጀመረም ወገቡ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ዳክዬ መወዛወዙን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ዕድሜ ከፊት የተነሳ አንድ የዳሌ ራጅ ነገሩን ይቆርጠዋል። ሴት ልጅ፣ በመቀመጫዋ የመጣች ወይም በቤተሰቧ ይህ ችግር ያለባት ከሆነች ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በጥብቅ ትታይ።

(አንቀልባን የሚጠራጠሩ አሉ። ጭኖቹ ተከፍተው እናቱን አቅፈው የሚቀመጡበት አስተዛዘል ለዳሌ ይስማማል፤ የሚጎዳው እግርን አስተካክሎ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ነው።)

ወጌሻ ጋ የሚወስዱ ቤተሰቦችን መውቀስ አያስፈልግም፤ ነገሩን ማስረዳት ግን ግዴታ ነው። ይህ ትናንት ወድቆ የወለቀ ትከሻ አይደለም። የጭን አጥንቱ ክብ ራስ ወደ ላይ ሸሽቷል፣ ራሱ ይገባበት የነበረው፣ ባዶ የቀረው የዳሌ ጎድጓዳ በስብና በጅማት ተሞልቷል፣ ከፊት የሚያልፈው ወፍራም ጅማት ደግሞ የመገጣጠሚያውን ከረጢት መሃሉ ላይ አንቆ ይዞታል። መግቢያው ተዘግቷል። በኃይል ሲጎተት ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ሊጎዱ ይችላሉ።

እስከ 6 ወር ድረስ የጨርቅ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እስከ 18 ወር ገደማ ዳሌው በማደንዘዣ፣ ሳይቀደድ ወደ ቦታው ተመልሶ ጄሶ ሊደረግ ይችላል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሦስት ዓመት ካለፈ ደግሞ መገጣጠሚያውን ከፍቶ ማጽዳት ብቻውን አይበቃም። ጡንቻዎቹ አጥረው ስለኖሩ ወደ ታች ተጎትቶ የገባው ራስ ይታመቃል፤ የታመቀ ራስ ደም አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ከጭን አጥንቱ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይወጣና በብረትና በብሎን ይያያዛል። «ያጠረ እግር እንዴት ይቆረጣል?» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ ትክክል ነው፤ መልሱም ይነገረው። እግሩ ያጠረው የአጥንቱ ራስ ከቦታው በላይ ስለተቀመጠ ነው፣ ወደ ታች ሲመለስ ርዝመቱን ይመልሳል። ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረም ካናዳዊው ሐኪም ሮበርት ሳልተር እ.ኤ.አ. በ1961 ባስተዋወቀው መንገድ ከጎድጓዳው በላይ ያለው የዳሌ አጥንት ተቆርጦ ይዞራል፣ ክፍተቱም በሽብልቅ አጥንት ይደገፋል። ከጭኑ የወጣችው ቁራጭ ለዚህ ልትውል ትችላለች።

ከቀዶው በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የእናት ሥራ ናቸው። ጄሶው ከደረት ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ትንሽ ዳይፐር ወደ ጄሶው ጠርዝ ውስጥ ይሰካል፣ ትልቁ ከላይ ይታሰራል፤ ሽንት የገባበት ጄሶ ቆዳ ያቆስላል። በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ትገላበጥ። በእግሮቿ መሃል ጄሶውን የምታያይዘው ዱላ ማንሻ አይደለችም፣ ልጅቷ በእሷ ከተነሳች ጄሶው ይሰበራል። ሲያሳክካት ብዕር ወይም እንጨት አይግባ። ጣቶቿ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ፣ መጥፎ ሽታ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም። ጄሶው ሲወልቅ አጥንቱ ስለሳሳ ትንሽ መውደቅ ጭኗን ሊሰብር ይችላል፤ የደረቀውን ጉልበት በግድ ማጠፍም እንዲሁ። የአጥንቱ ራስ ደም ማጣት ግን በራጅ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ድና ወጥታለች» ተብሎ ክትትል መቋረጥ የለበትም፣ እድገቷ እስኪያበቃ ድረስ ይቀጥላል።

ገደብም አለው። አንድ ዳሌ ብቻ ከሆነ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ሁለቱም ከሆኑ እስከ 5 ወይም 6 ዓመት ነው መሞከር የሚያዋጣው። በ10 ዓመቷ የመጣች፣ ሁለቱም ዳሌዋ የወለቀ፣ ሳያማት የምትሮጥ ልጅ ብትከፈት ከሚጠቅማት ይልቅ ዳሌዋ ደርቆና ታምሞ የመቅረቱ ዕድል ሊበልጥ ይችላል። ለእሷ ቢላ አለማንሳት ቸልተኝነት አይደለም። አንድ ወገን ብቻ ለወለቀባት የጫማ ሶል ከፍ ይደረግላታል፤ በጉልምስና ሕመሙ ሲጸና ደግሞ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ። ይህ ለወላጆቿ በግልጽ፣ ተቀምጦ፣ ራጁን እያሳዩ ይነገራቸው።