ሽርጡ እጅን አይሸፍንም

በቀዶ ሕክምና መሐል ስለሚነሳ ራጅ የወጣው ጽሑፍ፣ የእርሳስ (ጨረር የሚያግድ ብረት) ሽርጥ የለበሰ ቀዶ ሐኪም ከጨረር ተጠብቋል ማለቱ ግማሽ እውነት ነው። እጁስ? ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል የራጅ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ በባጃጅና በሞተር ሳይክል አደጋ የተሰበረ እግር አይጠፋም ነበር። ሐኪሙ ስብራቱን በእጃቸው ደግፈው «አሁን ራጁን አንሳ!» ይሉኛል፤ የጣቶቻቸው አጥንት ከታካሚው አጥንት ጎን በስክሪኑ ላይ ተዘርዝሮ ይታያል። «ዶክተር፣ እጅዎን ያውጡ» ባልኩ ቁጥር ቁጣው ለእኔ ነበር።

ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ለእጅ ያስቀመጠው ገደብ በዓመት 500 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው። ጣት ላይ የሚጠለቅ መለኪያ ከሌለ ግን ማን ይቆጥረዋል? እኛ ዘንድ የነበረው ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ብቻ ነበር፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ።

ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ቆዳው ይደርቃል፣ ጥፍሩ ይሰነጠቃል፤ ከዓመታት በኋላ የቆዳ ካንሰር ሊከተል ይችላል። የፈጠራ ሰው የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በራጅ ሙከራ እጆቹ ተጎድተው እ.ኤ.አ. በ1904 ሞቷል።

ከጽሑፉ ስር «የእርሳስ ጓንት ይግዙ» ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፦ ጓንቱ በዋናው ጨረር (ከምንጩ በቀጥታ በሚመጣው) መንገድ ከገባ መሣሪያው ምስሉን ለማጥራት ሲል ጨረሩን በራሱ ይጨምራል። ስብራቱን ለመደገፍ ረጅም መያዣ ያለው መቆንጠጫ ይሻላል፤ የጨረር ምንጩም ከአልጋው በታች ይሁን።