ሃምሳ ቁጥር ይሸጥ? አይሸጥ?

ጊዜው ጃንዋሪ 2020 ነው። ቤዝቦል የለም፤ ቦስተን ውስጥ ያለው በረዶና ወሬ ብቻ ነው። ወሬውም አንድ ነው። የከተማው ቤዝቦል ቡድን ሬድ ሶክስ 50 ቁጥር ለባሹን ሙኪ ቤትስን ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሊሰጥ ነው ይባላል። ፈላጊዎቹ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስና ሳንዲያጎ ፓድሬስ ናቸው። ልጁ ገና 27 ዓመቱ ነው። በ2018 የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተብሏል፤ በዚያው ዓመት ቡድኑ ዋንጫ በልቷል። ውሉ የሚያልቀው ዘንድሮ ነው።

ይሸጥ ወይስ ይቆይ ብለን ሁለት የቦስተን አበሾችን ጋበዝን። አንደኛው የሬድ ሶክስ ሜዳ ፌንዌይ ፓርክ ሠፈር ፓርኪንግ ይሠራሉ። ሁለተኛው ታክስ ይሠራል። ስማችን ይቅር ስላሉ በሥራቸው ጠርተናቸዋል። እንደሚተዋወቁ ነግረውናል። ምን ያህል እንደሚተዋወቁ ግን ያወቅነው በኋላ ነው።

ባለፓርኪንጉ

ይህ ነገር ለክርክር መቅረቡ ራሱ ያናድደኛል። ግን እሺ።

የጁላይ 12፣ 2018ን ማታ ልንገራችሁ። ጨዋታው ከቶሮንቶ ጋር ነው። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ መቀበያ ጎጆዬ ጋ ቆሜ ሬዲዮ እሰማለሁ። ሦስቱም ቤዝ (ሯጮች የሚቆሙበት ነጥብ) ላይ የኛ ሰው አለ። ወርዋሪው ጄ ኤ ሃፕ ነው፣ መቺው ሙኪ። ኳስ ይመጣል፣ ነክቶ ከመስመር ውጭ ያወጣዋል። ሌላ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይነካዋል። አስራ ሁለት ኳስ! አርፍዶ የመጣ አንድ ደንበኛ ቁልፉን ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። እኔም አልተቀበልኩትም።

ከዚያ ጩኸቱ በግንቡ ላይ ዘሎ መጣ። ሬዲዮው ከሜዳው ትንሽ ይዘገያል። ሬዲዮ ውስጥ ሃፕ ገና እየተዘጋጀ ነው፤ ሰፈሩ ግን ተናውጧል። ከደንበኛው ጋር ተያየን። አስራ ሦስተኛው ኳስ ከሜዳ ወጥቷል። በአንድ ምት አራት ነጥብ።

ይህ ልጅ በ2018 ሲመታ አማካዩ .346 ነበር፤ ማለት ከ1,000 ሙከራ 346ቱን ይመታ ነበር። 32 ጊዜ ኳሱን ከሜዳ አውጥቷል (ሆም ራን)፣ 30 ጊዜ ሮጦ ቤዝ ሰርቋል። የፌንዌይ ቀኝ ሜዳ ሰፊና ጠማማ ነው፤ ሌላው ሲሮጥበት ይጠፋል። እሱ ከ2016 እስከ 2019 አራት ዓመት በተከታታይ የምርጥ ተከላካይ ሽልማት የሆነውን የወርቅ ጓንት ወስዶበታል። በዚያው ዓመት በዋንጫው ፍጻሜ (ወርልድ ሲሪስ) ሁለተኛ ጨዋታ ሌሊት ሌላው ሲጨፍር፣ እሱ ምግብ ተሸክሞ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ደጅ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች አደለ። ማንም እንዲያውቅለት አልፈለገም። ሙኪ የገንዘብ ሰው አይደለም።

ደግሞ አትርሱ። የኛው ኮከብ ቤብ ሩት ለኒው ዮርክ ያንኪስ መሸጡ የተነገረው በጃንዋሪ 1920 ነው። ልክ የዛሬ 100 ዓመት! በ100,000 ዶላር። በ1918 የበላነውን ዋንጫ እስከ 2004 አልደገምነውም። 86 ዓመት። እኛ አገር ቢሆን ጠበል ይኬድ ነበር።

ታክስ ሠሪው

ጋሼ፣ አጻጻፍዎ ደስ ይላል። ግን አንድ መስመር ላይ ቡናዬ ትን አለኝ። «ሙኪ የገንዘብ ሰው አይደለም።»

ለ10 ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት አልፈልግም ብሏል፤ የ12 ዓመት 420 ሚሊዮን ጠይቋል እየተባለ ነው። ይህን እንኳ ወሬ ነው ይበሉ። በዚህ ወር የፈረመው ግን ወሬ አይደለም። ለአንድ ዓመት 27 ሚሊዮን። ከሱ በፊት፣ ገና ነጻ ያልወጣ (ማለት ወደፈለገው ቡድን የመሄድ መብት ያላገኘ) ተጫዋች በአንድ ዓመት ውል ይህን ያህል አግኝቶ አያውቅም። የገንዘብ ሰው ያልሆነ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የገንዘብ ሰው የሆነውን አያሳየን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሊጉ ለአንድ ቡድን ደመወዝ ጣሪያ አለው። ዘንድሮ 208 ሚሊዮን ነው። ደመወዝህ ጣሪያውን ካለፈ ባለፈው ላይ ታክስ ትከፍላለህ። መጀመሪያ ዓመት 20 ከመቶ፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 50። ቦስተን በ2018 አልፏል፣ በ2019 አልፏል። ዘንድሮ ካለፈ በ50 ነው። አንድ ዓመት ብቻ ከጣሪያው በታች ቢያድር ግን እንደገና ከ20 ይጀምራል። ይህን ለደንበኞቼ ሳስረዳ የሦስተኛ ክፍል ልጅም ይገባዋል።

ሙኪ ደግሞ በጥቅምት ነጻ ነው። በሩን ከፍቶ ይሄዳል። ያኔ በእጃችን ምን ይቀራል? ፎቶ።

የሬድ ሶክስ ባለቤቶች የሊቨርፑልም ባለቤቶች ናቸው። በጃንዋሪ 2018 ኩቲንሆን ለባርሴሎና ሲሸጡ ስንቱ አበሻ አለቀሰ! በዚያው ጊዜ ቫን ዳይክን አመጡ፣ በጁላይ በረኛውን አሊሰንን። አምና የአውሮፓን ዋንጫ ማን በላ? ሰዎቹ መሸጥ ያውቁበታል።

ባለፓርኪንጉ

ሊቨርፑልን ባታነሳ ይሻልህ ነበር። ኩቲንሆ ልሂድ ብሎ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ነው። ሙኪ ልሂድ አላለም። ደግሞ እግር ኳስ ላይ ሻንጣ ሙሉ ጥሬ ገንዘብ ይመጣልሃል፤ በሱ በረኛ ትገዛለህ። እዚህ በምትኩ የሚሰጡህ ልጆች ናቸው። «ወደፊት ጥሩ ይሆናሉ» የሚባሉ ልጆች። ወደፊት ስንቱ ጥሩ ይሆናል ተብሎ ነበር?

የሒሳብ ሰው ከሆንክ ይህን አስላልኝ። በ2014 ጆን ሌስተር የኛ ነበር። በኛ ቤት ያደገ፣ ሁለት ዋንጫ ያበላን ግራኝ ወርዋሪ። ለአራት ዓመት 70 ሚሊዮን አቀረቡለት። ስድብ ነበር። ከዚያ ለሌላ ቡድን አሳልፈው ሰጡት፤ ውሉ ሲያልቅ ቺካጎ ከብስ በ155 ሚሊዮን ወሰደው፣ በ2016 ዋንጫ በላ። የኛዎቹስ? በሌስተር የቆጠቡትን ይዘው ሄደው ለሌላ ወርዋሪ፣ ለዴቪድ ፕራይስ፣ 217 ሚሊዮን ፈረሙ። ስሙ ራሱ ዋጋ ማለት ነው፤ ሰው ከስሙ እንኳ አይማርም?

ፕራይስ ገና 96 ሚሊዮን ይቀረዋል። አሁን የሚወራው ምንድን ነው? ሙኪን ስጡን ያለ ፕራይስንም አብሮ ይውሰድ ነው። ሉካንዳ ሄደህ ሥጋ ስትገዛ አጥንት አብሮ እንደሚመዘንብህ። እዚህ ሥጋው የኛ ሙኪ ነው። የራሳቸውን ስህተት የሚያራግፉት በሱ ጀርባ ነው። ታክሱን ያመጣው እሱ ነው?

ታክስ ሠሪው

አሁንም «የገንዘብ ሰው አይደለም» የሚለውን አላነሱልኝም ጋሼ። በጥቅምት ቢሄድ ምን ይቀረናል ያልኩትንም አልመለሱልኝም።

በ2004 የሬድ ሶክስ ኮከብ የነበረውን ኖማር ጋርሲያፓራን ያስታውሳሉ? ከሙኪ በላይ ይወደድ ነበር። ጁላይ 31 ሰጡት። ከተማው ለቅሶ ተቀመጠ። ከሦስት ወር በኋላ ያ የ86 ዓመት እርግማንዎ ተፈታ። በፍቅር ቢሆን ኖማር እስካሁን ይጫወት ነበር።

የኔ ችግር ከሙኪ ጋር አይደለም። ልጁ ዋጋውን ያውቃል፣ ጎሽ! ችግሬ ደጋፊው ሒሳብ አልሰማም ማለቱ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎን የማያውቅ ቢሰማዎት ቢሊየነር ይመስሉታል። ባለፈው ዓመት የፌንዌይ ትኬት ደረሰኝ ከሥራ ጫማዎ ደረሰኝ ጋር ቀላቅለው ያመጡልኝ እርስዎ አይደሉም? ከታክስ ይቀነስልኝ ብለው? ከ2018 ጀምሮ እኮ ለተቀጣሪ ጫማውም አይቀነስም አልኩዎት። ሳቅን። አሁንም በሳቅ ነው የማነሳው።

ባለፓርኪንጉ

በሳቅ ነው?

ወረቀቴን አምኜህ ሰጠሁህ። አንተ አደባባይ አሰጣኸው። ጋሼ እያሉ መሳደብ እናንተ ትውልድ ጋ ነው ያየሁት።

እሺ፤ ትኬቱን ከጫማው ጋር አምጥቻለሁ። የሄድኩት ለሥራዬ ነው፤ ደንበኞቼ ስለምን እንደሚያወሩ ማወቅ አለብኝ። ይቀነስ አይቀነስ የመንግሥት ጉዳይ ነው።

ስለ ገንዘብ ሰውነት ካነሳህ አይቀር ልንገርህ። አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ዝናብ፣ በረዶ አላልኩም። አንድ መኪና አልላጥኩም። ዘጠነኛው ዓመት ላይ በሰዓት አንድ ዶላር ጨምሩልኝ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ቀና እንኳ አላለም። «በር ላይ ሰው ሞልቷል» አለኝ። የሱ ቁልፍ ማንጠልጠያ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ የሬድ ሶክስ ነበር። አንድ ዶላር ስለጠየቅኩ የገንዘብ ሰው ሆንኩ? ሙኪስ 420 ቢጠይቅ? የሰጠውን ሥራ አውቆ ነው የጠየቀው። ባለቤቶቹ ስንት እንደሚያገኙ ግን ማንም ደረሰኝ አያወጣባቸውም።

ለማንኛውም ዘንድሮ ደብሊው ቱዬን (የዓመቱን የደመወዝ ወረቀቴን) ይዤ ሌላ ጋ እሄዳለሁ።

ታክስ ሠሪው

ጋሼ፣ ደረሰኙን ማንሳቴ ጥፋት ነው። ይቅርታ። ጨርሻለሁ።

ግን አሁን ገረመኝ። ስድስት ዓመት ታክስዎን ሠራሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ከታክስ ቢሮ ደብዳቤ አልመጣብዎትም። በአንድ ቀልድ ትተውኝ ሊሄዱ? ታማኝነት ታማኝነት ሲሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ! እኔ ሙኪ ብሆን ምን ልልዎት ነው?

እኔም ሠራተኛ ነበርኩ። የራሴን ቢሮ ከመክፈቴ በፊት ሁለት መሥሪያ ቤት ቀይሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለደመወዝ። ማንም ከሃዲ አላለኝም። ሰው ይሄዳል፣ ቡድን ይቀራል። የሬድ ሶክስን የሜዳቸውን ነጭ ማሊያ ከኋላው አይተውታል? ቁጥር አለ፣ ስም የለም። ድሮም የለም። ለምን ይመስልዎታል?

ባለፓርኪንጉ

እንዲህ ነው እንጂ! ሁለት ጊዜ ለደመወዝ ለቀቅክ። «ጎሽ፣ ዋጋውን ያውቃል» የተባልከው አንተ ነሃ። ታዲያ ሦስት ዙር ሙሉ የሙኪን 300 ሚሊዮን ስታላምጥ የቆየኸው ምን ሆነህ ነው? የራስህ አንድ መስመር ነው የጠፋብህ።

ማሊያው ስም የለውም፣ አውቃለሁ። አያስፈልገውማ። ፓርኪንጌ ውስጥ 50 ቁጥር ለብሶ የሚገባን ሕፃን ማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የኔም ልጅ 50 ቁጥር ግዛልኝ ካለኝ ወር ሆነው። እናቱ ቆይ ወሬው ይለይለት ትላለች።

ታክስ ሠሪው

እናቱ ትክክል ናቸው። እስከ ማርች ይጠብቁ። ከተሸጠ ማሊያው በግማሽ ዋጋ ይወርዳል፤ ያኔ ይገዙለታል። ካልተሸጠም የጎደለብዎት የለም። ይህን ምክር በነጻ ነው የሰጠሁዎት።

ደብሊው ቱውን ቅዳሜ ይዘው ይምጡ። እስከ ማታ አለሁ። ዘንድሮ ለእርስዎ ቅናሽ አደርጋለሁ።

ባለፓርኪንጉ

ማሊያውን ትናንት ገዛሁት። ፌንዌይ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ፣ በሙሉ ዋጋው። ልጄ ቤት ውስጥ በሹራቡ ላይ ደርቦት ነው የዋለው።

ቅዳሜ የምመጣ እንደሆነ ገና አልወሰንኩም። ከመጣሁ ግን የምከፍልህ እንደ አምናው ነው። ቅናሹን ለሙኪ ባለቤቶች ስጣቸው፤ የሚወዱት እነሱ ናቸው።