ደግሞ ተነሥቶ የሚጠይቅ ሰው

ደሴ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ሦስት ልጆች ያሳደገችው እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው። በቅርቡ የሰፈሯ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት በሄደ በዘጠነኛው ቀን ደወለችልኝ። ሁለት በርሜል ሊጥ ከልኩ በላይ ኮምጥጦ ደፍታዋለች። በማገዶ ልትጋግር ሞክራ ጢሱ ዓይኗን አቅልቶታል፤ ደንበኞቿ ደግሞ መብራት ካለበት ሰፈር ወደምትጋግር ሴት ዞረዋል። ሰፈርተኛው ሽማግሌ መርጦ ወደሚመለከተው ቢሮ ልኮ ነበር። መጀመሪያ "ተራ ጠብቁ" ተባሉ፤ ቀጥሎ "ገንዘብ ብታዋጡ ይፋጠናል" ተባሉ። አዋጡ። ትራንስፎርመሩ ግን አልመጣም።

"እናንተ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ማንን ነው የምትጠይቁት?" አለችኝ።

"የአካባቢያችንን የምክር ቤት አባል ነዋ። እሷ ደግሞ ሚኒስትሩን ትጠይቃለች።"

"እሱንማ የእኛዎቹም ይጠይቃሉ። በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ።"

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው፤ ይጠይቃሉ። ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ ተጀምሮ ስለቆመ መንገድ፣ መድኃኒት ስለሌለው ጤና ጣቢያ ሳይጠየቅ የሚያልፍ የምክር ቤት ዘመን ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ አባል ቀበሌውን በስም ጠርቶ፣ ወላድ በቃሬዛ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ ዘርዝሮ ሲናገር ሆድ ያባባል። እኔም እንግሊዝ አገር 16 ዓመት ስኖር "እዚህ ይጠየቃል፣ እዚያ አይጠየቅም" እያልኩ ሳወራ ከርሜ እኅቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቆመችኝ። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ።

የራሴን ጉዳይ ላስቀድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመኖሪያ ፈቃዴን ለማደስ ያስገባሁት ወረቀት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 14 ወር ተኛ። ስደውል የሙዚቃ ድምፅ እሰማለሁ፤ ስጽፍ የሚመጣው ያው አንድ ዓይነት መልስ ነው። በመካከሉ አባታችን አረፈ። ወረቀቱ እጄ ላይ ስላልነበረ ከወጣሁ መመለስ አልችልም ነበር። ቀብሩ ላይም፣ አርባው ላይም አልተገኘሁም። እኅቴ ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ ለቅሶውን አሰማችኝ። ያንን ቀን ዛሬም ማውራት አልወድም።

አንድ ወዳጄ ነው "ለምን ወደ ምክር ቤት አባሏ አትሄድም?" ያለኝ። እዚህ የምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ፣ የባለጉዳይ ቀን አላቸው። እኔ የሄድኩት ሰፈራችን ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ከሕፃናት መጻሕፍት መደርደሪያ አጠገብ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ከፊቴ ቤቷ የሻገተባት ሴት፣ ከኋላዬ ልጁ ትምህርት ቤት ቦታ ያጣ አባት ነበሩ። አባሏ የወረቀቴን ቁጥር ራሷ ጻፈች። ዜጋ እንዳልሆንኩ፣ ድምፅ ልሰጣት እንደማልችል ነገርኳት። "የምትኖረው እዚህ ነው አይደል?" ብላ ቀጠለች።

ደብዳቤ ጻፈች። መልስ መጣ፤ ቅጂውን ላከችልኝ። ሳነበው ደሜ ፈላ። "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው" ይላል። ከአገሬ ይዤው የመጣሁት፣ በሰም ታሽጎ የኖረው ያ ሐረግ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አገኘሁት። እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ ግን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች፤ "በሂደት ላይ መሆኑን ነግራችሁኛል፤ የጠየቅኳችሁ ቀኑን ነው" የሚል። ከዚያ አልፋ ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ጥያቄ አቀረበች፦ እንደ እኔ ከዓመት በላይ የጠበቁ ሰዎች ስንት ናቸው? የጽሑፍ ጥያቄና መልሱ በምክር ቤቱ መዝገብ ታትሞ ለማንም ይፋ ስለሚሆን የኔ ጭንቀት ከመሳቢያ ወጥቶ አገር የሚያነበው ቁጥር ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ፈቃዴ ደረሰኝ። በእሷ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም። ሁለተኛው ደብዳቤ ባይጻፍ ግን ስንት ወር እጨምር እንደነበር ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከእኅቴ ስልክ በኋላ ማክሰኞ ቀን ፈቃድ ወስጄ ምክር ቤቱ ወዳለበት ወደ ዌስትሚኒስተር ሄድኩ። አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ የሚያውቁት የረቡዑን ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እኩለ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት የሚጠየቁበትን፣ ጩኸቱና ማሽሟጠጡ በየስልኩ የሚዞረውን። እኔ ያንን አልወደውም። ትልልቅ ሰዎች እንደ ኳስ ሜዳ ሲጯጯኹ ማየት ያሳፍረኛል፤ በዚህስ የእኛ ምክር ቤት ጨዋነት በብዙ እጥፍ ይሻላል። ያስቀናኝ ሌላው ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንድ አንድ ሚኒስቴር በተራው ለአንድ ሰዓት ያህል ይጠየቃል፤ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ሲሆን ተራው በአምስት ሳምንት ገደማ ተመልሶ ይደርሰዋል። የዚያን ማክሰኞ ተራው የጤና ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከጎብኚዎች ሰገነት ላይ ሆኜ ቁልቁል አየሁ። ከ650ው አባላት አብዛኞቹ የሉም፤ አረንጓዴዎቹ ወንበሮች ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው።

አንድ ሽማግሌ አባል ስለ ጥርስ ሕክምና ጠየቁ። በመንግሥት ክፍያ የሚያክም የጥርስ ሐኪም እዚህ አገር ብርቅ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ብሪስቶል ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ክሊኒክ ሲከፈት በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መንገድ ላይ ተሰልፎ ፖሊስ ሰልፉን ሊያስተካክል መጥቶ ነበር። ሚኒስትሩ ጠርዙ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ከተለጠፈበት ማኅደር መልሱን አነበቡ። ዕቅድ አለ፣ በጀት ተመድቧል፣ ወዘተ። እስከዚህ ድረስ እኛው አገር ያለሁ ነው የመሰለኝ። አፈ ጉባኤው ግን ሌላ ሰው አልጠሩም። ወደዚያው ሽማግሌ ዞሩ። ሽማግሌውም ደግመው ተነሡ፤ "ይህ ዕቅድ የእኔ ከተማ የሚደርሰው በየትኛው ወር ነው?" የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ሚኒስትሩ ማኅደሩን አገላበጡ። መልሱ እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቀናት በፊት ተመዝግቦ በዕጣ የወጣ በመሆኑ ሚኒስትሩ ተዘጋጅተውበታል፤ ሁለተኛውን ግን ጠያቂው እስኪናገሩት ድረስ አያውቁትም። ሚኒስትሩ ያችን ጥቂት ሰከንድ ቀና ብለው ሳያዩ ቆዩ። እኔ ከላይ ሆኜ ልቤ ይመታ ነበር።

ያገኘሁት ልዩነት ይህ ነው። በእኛ ምክር ቤት የጥያቄው ሥርዓት እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ሚኒስትሩ የስድስት ወር ወይም የዘጠኝ ወር የዕቅድ አፈጻጸም ያቀርባሉ። አባላት ተራ በተራ ይነሣሉ፤ ለተሰጣቸው ዕድል ያመሰግናሉ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጥረት ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ተሰብስበው ሲያበቁ ነው መልስ የሚጀመረው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲጠየቁም እንዲሁ። ያኔ ዐሥር ጥያቄ አንድ ላይ ይታሰራል። "ከመሠረተ ልማት ጋር ተያይዞ የተነሡትን በጥቅሉ ስመልስ" ይባላል። በዚያ ጥቅል ውስጥ የወላዷ ቃሬዛ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። "ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው" ከተባለ በኋላ ያ ቀበሌውን በስም የጠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይነሣም። ከሰዓት የፈጀ ማብራሪያ ተሰጥቶም ጥያቄው እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል።

ሕጉማ አለን። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። የአባላቱ አንድ ሦስተኛ ከጠየቀም ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ተወያይቶ መወሰን ይችላል። ተቃዋሚ አለመኖሩ ነው ችግሩ የሚሉኝ አሉ። በ2002ቱ ምርጫ 547 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ብቻ፣ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ እንደገቡ፣ በ2007 ደግሞ አንድም እንዳልገባ አልረሳሁም። ትልቅ ጉዳት ነው። ግን የገዥው ፓርቲ አባልስ መራጭ የለውም? እዚህ የምክር ቤቱን የጤና ኮሚቴ በኮሮና ጊዜ የመሩት ጄረሚ ሀንት የገዥው ፓርቲ ሰው፣ ያውም የቀድሞ የጤና ሚኒስትር ነበሩ። ከሌላ ኮሚቴ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ያወጡት ሪፖርት የራሳቸው ፓርቲ መንግሥት ወረርሽኙን መጀመሪያ ላይ የያዘበትን መንገድ አገሪቱ ካየቻቸው ከባድ የጤና ውድቀቶች መካከል አስቀምጦታል።

ደግሞ እኮ ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን በዛፍ ሥር ሲሟገቱ "በላ ልበልሃ" ተባብለው፣ "ተጠየቅ!" ብለው ነው የሚነሡት። የተጠየቀው ሰው እዚያው ፊት ለፊት ይመልሳል፤ ካላረካ ባላጋራው ነጠላውን አጣፍቶ እንደገና ይጠይቀዋል፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። "ተጠያቂነት" እያልን በየስብሰባው የምንደጋግማት ቃል የተወለደችው ከዚያው ከመጠየቅ ነው። ቃሏን ይዘን ድርጊቱን ጣልነው፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

የሁለተኛ ጥያቄ ጉልበት እስከ የት እንደሚደርስ ያየሁት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ነው። ከ1948 ጀምሮ ከካሪቢያን ደሴቶች በሕጋዊ መንገድ መጥተው ዕድሜያቸውን እዚህ የገፉ ሰዎች "ወረቀት የላችሁም" ተብለው ከሥራ ተባረሩ፣ ሕክምና ተከለከሉ፣ ጥቂቶቹም ከአገር ተባረሩ። እኛ ስደተኞች ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምንከታተለው። ከጉያና የመጡ ወላጆች ልጅ የሆኑት የምክር ቤት አባል ዴቪድ ላሚ ሚያዝያ 16 ቀን በአስቸኳይ ጥያቄ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯን አምበር ረድን ምክር ቤት አስጠሯቸው። ረድ ይቅርታ ጠየቁ። በዚያ አልበቃም። በዘጠነኛው ቀን የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው "ይህን ያህል ሰው ይባረር የሚል የቁጥር ዒላማ አላችሁ ወይ?" ሲባሉ የለም አሉ። እንዳለ ታወቀ። ሚያዝያ 29 ቀን፣ ሳላውቅ ኮሚቴውን አሳስቻለሁ ብለው ከሥልጣን ለቀቁ። የወደቁት አንዲት ጥያቄ በትክክል ባለመመለሷ ነው።

ጥያቄ ሁሉን ይፈታል አልልም። እዚህ አገር ሕክምና የሚጠብቀው ወረፋ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሆኗል፤ ታካሚ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና ይጀምር የሚለውም ግብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ተሟልቶ አያውቅም፤ ያውም በየወሩ እየተጠየቀ። ግን ቁጥሩ አይደበቅም። ሚኒስትሩ ያንን ቁጥር አንገታቸው ላይ እንዳሠሩት ነው የሚውሉት።

ማታ ለእኅቴ ደወልኩ። ትራንስፎርመሩ አልመጣም። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ የባዶ ወንበሮቹን፣ የማኅደሩን፣ የሽማግሌውን።

"ሚኒስትሩ ከመለሱለት በኋላ ደግሞ ተነሥቶ ጠየቀ?"

"አዎ።"

"ማንም አላስቀመጠውም?"

"ማንም።"

ዝም አለች። ከጀርባዋ የሻማ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ በስልኩ ይታየኛል።

"የእኛ እንደራሴ ስማቸው ማን ነው?" አለችኝ።

እኔም አላውቅም ነበር። "ነገ ቀበሌ ሄጄ እጠይቃለሁ" አለች፤ "ካልነገሩኝም ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ።"