ባለቤትዎ የአሜሪካ ወታደር ነበሩ? እንግዲያው ይህ ገንዘብ ይመለከትዎታል

አስመራ ውስጥ ቃኘው ስቴሽን የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር። የተዘጋው በ1977 ነው (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እዚያ ካገለገሉት ወጣት ወታደሮች አንዳንዶቹ የአገሩን ልጆች አግብተው ወደ አሜሪካ ይዘዋቸው ሄዱ። እነዚያ ሙሽሮች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናቶች ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው አሉ። ገላቸውን ለመታጠብ ሰው የሚያስፈልጋቸው፣ መድኃኒታቸውን ሰው ካላስታወሳቸው የሚረሱም አሉ። የእንክብካቤ ወጪያቸውን የሚያግዝ ገንዘብ በአሜሪካ ሕግ ተፈቅዷል። ካልጠየቁ ግን አንድ ዶላር አይደርሳቸውም።

ገንዘቡ ኤይድ ኤንድ አተንዳንስ ይባላል። የሚሰጠው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሰው ሁሉ ቪኤ የሚለው ነው። በጡረታ ላይ የሚጨመር ክፍያ ነው። ጡረታ ስል ሃያ ዓመት በውትድርና የቆየ ሰው የሚያገኘውን ማለቴ አይደለም። በጦርነት ዘመን አገልግሎ፣ አርጅቶ ወይም አካሉ ተጎድቶ፣ ገቢው ለማይበቃው ሰው የሚሰጠውን ነው። በ2025 ተመን ጡረታውና ጭማሪው አንድ ላይ ተደምሮ፣ ብቻውን የሚኖር የቀድሞ ወታደር በወር እስከ 2,358 ዶላር ያገኝ ነበር። ባለትዳር ከሆነ እስከ 2,795፣ ባሏ የሞተባት ሚስት ደግሞ እስከ 1,515 ዶላር። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ታዲያ ሰው ለምን አይጠይቅም? መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ባለቤቴ ጦር ሜዳ አልዋለም፣ አልቆሰለም» የሚል ነው። ሕጉ ግን መቁሰልን አይጠይቅም። ጦር ሜዳ መዋልንም አይጠይቅም። በዚያ ዘመን ላገለገለ ሰው የሚፈለገው ቢያንስ 90 ቀን በሠራዊቱ ውስጥ መቆየትና ከዚያ ውስጥ አንዷ ቀን በጦርነት ዘመን ላይ መዋሏ ነው። ከሠራዊቱ የወጣውም በክፉ ሥነ ምግባር ተባርሮ መሆን የለበትም። የቬትናም ዘመን፣ ቬትናምን ላልረገጡትም ጭምር፣ ከነሐሴ 5 ቀን 1964 እስከ ግንቦት 7 ቀን 1975 ይቆጠራል። ስለዚህ በ1968 አስመራ ላይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ የዋለ ወታደር በሕጉ ዓይን የጦርነት ዘመን ወታደር ነው። ሚስቱም የዚያ ወታደር ሚስት ናት።

ሁለተኛው መልስ «ገቢዬ ይበልጣል» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳይገባው ተስፋ ይቆርጣል። እስቲ በቁጥር እንየው። አንዲት እናት ከሶሻል ሴኪዩሪቲ (ከመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና) በወር 1,700 ዶላር ያገኛሉ እንበል። በዓመት 20,400 ይሆናል። ለሳቸው የተቀመጠው የ2025 የገቢ ጣሪያ 18,187 ነበር። ወረቀቱን በጨረፍታ ያየ ሰው «አልፈዋል» ብሎ ይመልሳቸዋል። ነገር ግን እኚህ እናት የሚኖሩት እንክብካቤ በሚሰጥ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ በወር 4,500 ዶላር ይከፍላሉ። በዓመት 54,000 ማለት ነው። ቪኤ እንዲህ ያለውን ከኪስ የወጣ የእንክብካቤና የሕክምና ወጪ፣ ከትንሽ መነሻ በላይ ያለውን በሙሉ፣ ከገቢያቸው ላይ ይቀንስላቸዋል። ገቢያቸው ዜሮ ሆኖ ይቆጠራል። ሙሉው 1,515 ዶላር ይገባቸዋል ማለት ነው። ልጆቻቸው በየወሩ 2,800 ዶላር ያዋጡ ከነበረ ወደ 1,285 ይወርድላቸዋል። ሁለት ቦታ ለምትሠራ ልጅ ይህ ልዩነት አንደኛውን ሥራ የሚያስተዋት ነው።

ንብረትም ይታያል። የ2025 ጣሪያ 159,240 ዶላር ነበር፤ የዓመት ገቢም እዚያው ውስጥ ይደመራል። የሚኖሩበት ቤትና መኪናቸው ግን አይቆጠርም። ጣሪያው ውስጥ ለመግባት ብሎ ገንዘብን ለልጅ ማዛወር አያዋጣም። ቪኤ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ወደ ኋላ ያያል፣ ቅጣትም አለው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሐኪሙ ክፍል ነው። 21-2680 የሚባል ፎርም አለ፣ ሐኪም የሚሞላው። ራሷ ትመገባለች? ምግብ ታዘጋጃለች? ገላዋን ለመታጠብ እገዛ ትፈልጋለች? መድኃኒቷን በትክክል ትወስዳለች? ብቻዋን ከቤት ትወጣለች? የገንዘብ ጉዳይዋን ማስተዳደር ትችላለች? እንዲህ እንዲህ እያለ ይጠይቃል። የእኛ እናቶች ደግሞ ለእንግዳ ሰው ጉዳት መናገር አይሆንላቸውም። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። የምታስተረጉመው ልጅም እናቷን ላለማሳፈር ነገሩን ታለሳልሳለች። «አልፎ አልፎ እረዳታለሁ» ትላለች፤ ማታ ማታ ግን ከአልጋ የምታነሳት፣ የምታጥባት፣ የምታለብሳት እሷ ናት። ሐኪሙ የሚጽፈው የሰማውን ነው። ያ ወረቀት ቪኤ ሲደርስ «ይህች ሴት እገዛ አያስፈልጋትም» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። እባካችሁ ልጆች፣ ከቀጠሮው በፊት ከእናታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የአንድ ሙሉ ቀን ውሏን ከጠዋት እስከ ማታ በወረቀት ጻፉና ለሐኪሙ ስጡት። እውነቱን መናገር ልመና አይደለም።

ይህን ገንዘብ የማታገኝ ሚስትም ግን አለች። የተፋታች ሚስት አታገኝም፤ ስንት ልጅ ብትወልድለትም። ባሏ ከሞተ በኋላ ሌላ ያገባችም በአብዛኛው መብቷን ታጣለች። ባልየው በሕይወት ካለ ደግሞ ጡረታውን የሚጠይቀው እሱ ነው። እሱ ደህና ሆኖ የታመመችው ሚስቱ ብትሆንም የእሷ የእንክብካቤ ወጪ ከገቢያቸው ይቀነሳልና ማመልከቱ ይጠቅማል። ብቻውን ሆኖ በሜዲኬድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን) ወጪ ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የነርስ እንክብካቤ የሚሰጥበት መኖሪያ፣ የገባ ሰው ደግሞ ክፍያው በወር ወደ 90 ዶላር ይወርዳል። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ከሆነ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ አይከፍልም። ይህን ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ላይ ቅሬታ አለኝ። ከ2014 ወዲህ ቪኤ በመዝገቡ ላይ ላሉ የሟች ወታደር ሚስቶች ወይም ባሎች የቀብር አበል ማመልከቻ ሳይጠብቅ መክፈል ጀምሯል። ሟቹን ያውቀዋል፣ ሚስቱን ያውቃታል፣ መቼ እንዳገለገለ ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ባሏን ቀብራ የተመለሰችን የሰማንያ ዓመት ሴት ፎርሙን ራስሽ ፈልገሽ አግኚ ሊላት አይገባም። ማመልከቻውን ግማሹን ሞልቶ፣ በምትችለው ቋንቋ፣ ቤቷ ድረስ ሊልክላት ይችላል። የኮንግረስ አባሎቻችንን ስናገኝ ይህን እንጠይቃቸው።

ጉዳዩ የቃኘው ዘመን ሰዎች ብቻ አይደለም። ከነሐሴ 2 ቀን 1990 ጀምሮ ያለው ጊዜ በሙሉ በሕጉ የጦርነት ዘመን ነው፤ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከ2009 በኋላ ጥቂት ዓመታት የአሜሪካ ጦር ቋንቋ የሚችሉ ስደተኞችን ማቭኒ በሚባል ፕሮግራም ሲቀበል፣ አማርኛ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በዚያም ሆነ በሌላ መንገድ የገቡ ልጆቻችን ያረጃሉ። የስንብት ወረቀታቸውን፣ ዲዲ 214 የሚባለውን፣ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር ዛሬውኑ አንድ ቦታ ያስቀምጡት። የጠፋበት ሰው ሴንት ሉዊስ ካለው መዝገብ ቤት በነፃ ማስወጣት ይችላል።

ለእናንተም፣ ሆም ሄልዝ (በየቤቱ እየሄዳችሁ የእንክብካቤ ሥራ) ለምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሰው አገር አረጋውያንን የምታነሱትና የምታስተኙት እናንተ ናችሁ። ግድግዳው ላይ የወታደር ፎቶ ካያችሁ «ቪኤ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» በሏቸው። ሐበሻም ይሁኑ ፈረንጅ። የየቤተ ክርስቲያኑና የየመስጊዱ ማኅበራት፣ የየከተማው ዕድሮችም አባሎቻቸውን ይህንኑ ቢጠይቁ ብዙ እናቶች ይገኛሉ።

ማመልከቻውን ልሙላ ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ራቁ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ክፍያ መቀበል በፌዴራል ሕግ አይፈቀድም። ቪኤ እውቅና የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትና በየካውንቲው ያሉ ሠራተኞች በነፃ ያግዛሉ። ወረቀቱ እስኪሟላ ድረስ ደግሞ ቀኑን ያዙ። 21-0966 የምትባል አጭር ፎርም አለች፤ «ላመለክት ነው» ብሎ ማሳወቂያ ናት። እሷን ከላካችሁ ሙሉውን ማመልከቻ ለማስገባት አንድ ዓመት አላችሁ። ከተፈቀደም ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው አጭሯ ፎርም ከደረሰችበት ቀን ተነስቶ ነው።